ደረሰ ያልኩት ናስ

ልጆቹ «ንገሪን» ካሉኝ ሰነበቱ። እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየኋቸው፤ ድካም ነው እንጂ ክፋት የለበትም። ትናንት ግን ቴክኒክ የምትማረው የልጅ ልጄ ለወርክሾፕ ሥራዋ የገዛችውን ስስ ናስ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ጋዜጣውን ስገልጠው ያ ጠረን መጣ፤ ሳንቲም ጨብጦ የዋለ መዳፍ የሚሸተው ዓይነት። ሳላስበው ጥፍሬን አነጠርኩበት። «አያቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ። እንግዲህ ልንገራችሁ።

አባቴ ናስ ቀጥቃጭ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ቤታችን ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሆኖ ከፊት ሥራ ቤቱ፣ ከኋላ ማደሪያችን ነው። እናቴን አላስታውሳትም፤ ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ናት። አክስቴ ስትናገር አትምርም።

«ሴት ልጅህን ከሰል አስመሰልካት እኮ! ማን ያገባልሃል?» ትለዋለች።

«ናስ የሚያውቅ ይመጣላታላ» ይላታል፣ ከመዶሻው ቀና ሳይል።

እሷ ያላወቀችው አንድ ነገር ነበር። የአባቴ ዓይን ደክሟል። ናስ ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል፤ እሳት አስገብተው ካላለሰለሱት አይታዘዝም። እሳቱ ውስጥ የደረቀ በርበሬ ቀለም ሲይዝ ይወጣል። ከዚያ ካለፈ ይበላሻል፣ ካልደረሰ ደግሞ እልኸኛ ሆኖ ይቀራል። ያን ቀለም በብርሃን ማየት ስለማይቻል በሩ ላይ ጆንያ እንሰቅላለን። የድሬ ሙቀት ከውጭ፣ ከሰሉ ከውስጥ። እኔ ወናፉን እየነፋሁ አያለሁ፤ እሱ ጉጠቱን ይዞ «ምን መሰለ?» ይላል። «ገና ነው» እላለሁ። «አሁንስ?» «ደረሰ።» የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ ከሥራ ቤቱ ከወጣሁ እሱም አብሮኝ ወጣ ማለት ነው።

አንድ ክረምት ከወንዝ ማዶ የሚኖር ነጋዴ ልጁን ሊድር ስምንት የናስ ማስታጠቢያ ሳህን አዘዘ። አክስቴ ይህን ጊዜ ቆረጠች። «ይህ ሥራ ካማረ ልጅቷ ትቆይልህ። ካላማረ ግን ወደ ማጀት ትገባለች፣ ሁለተኛ አንከራከርም።» አባቴ «እሺ» አላት። የእሱ እሺ እኔን አስደነገጠኝ።

ናሱን ልንመርጥ ናስ ከሚሸጥ አንድ ዐረብ ሱቅ ሄድን። ከጅቡቲ በባቡር የመጣው ተነባብሮ ተቀምጧል። «እሷ ትምረጥ፤ እኔ ልረፍ» ብሎ አባቴ ደጁ ላይ ተቀመጠ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ! አባትሽ ሸመገለ እንዴ?» አለ ዐረቡ፤ ከላይ ያለውን አንስቶም አብለጨለጨልኝ። «ይህችን ውሰጃት፣ ወላሂ ፀሐይ ናት!»

ጥፍሬን አነጠርኩበት። እንደ ደወል ጮኸና ድምፁ ቆየ። ማዕዘኑን ትንሽ ጎበጥ አድርጌ ስለቀው ተፈናጥሮ ተመለሰ። «ይቺ ደረቅ ናት» አልኩት።

«አቦ! ሕፃን ልጅ መጥታ ናስ ታስተምረኛለች!» ብሎ ሳቀ። እኔ ከሥር ወረቀት የተጣበቀበትን፣ ደብዘዝ ያለውን ሳብኩ። ሲነካ ድምፁ አጭር ነው፤ ሲጎብጥ እንደ ጎበጠ ይቆያል። ወደ በሩ ብርሃን አጋድሜ ጭረት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። አባቴ አውራ ጣቱን አሳለፈበት። ቤት እስክንደርስም ሲያንጎራጉር ነበር። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። መቁረጥ፣ ማሞቅ፣ መቀጥቀጥ፣ ደግሞ ማሞቅ፤ መጨረሻው ሁልጊዜ መቀጥቀጥ ነው። (ትንሽ ልረፍ፤ ሳወራው ራሱ ክንዴን ይደክመኛል።) ስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ በመጨረሻው ሳህን ላይ ዓይኔ በላብ ተቃጥሎ፣ ክንዴ ከወናፉ ጋር አልነሳ ብሎኝ ሳለ «ምን መሰለ?» አለኝ።

«ደረሰ» አልኩ።

አልደረሰም ነበር። ደክሞኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። አባቴ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ቀጠቀጠው፣ መሐል ላይ ቆም አለ። «ዛሬ እጄ ደከመ መሰለኝ፤ ጠነከረብኝ» አለ። እኔ ወደ ወናፉ ተመለስኩ።

ሳህኖቹ በሎሚና በአመድ ታሽተው ሲያልቁ አክስቴ ራሷ ፊቷን አየችባቸው። «ምን ይደረግ፣ አምረዋል» አለች፤ ተሸነፈች። ነጋዴው ሊወስድ በተቀጠረበት ቀን ግን የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጣ። እሱ ከወንዙ ማዶ ቀረ፤ ዝናቡም ቀናት ያዘ። ሳህኖቹን በጨርቅ ጠቅልለን ከኋላ ግድግዳው ሥር አስቀመጥናቸው።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። «አይጥ ነው» አለ አባቴ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። ሄጄ ጨርቁን ገለጥኩት። ሳህኖቹ ከከንፈራቸው ወደ ታች እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቀዋል፤ ስምንቱም። ማንም አልነካቸውም።

«ዓይን ነው! ማን ነው ያየብን?» ብላ አክስቴ ጮኸች፤ የአባቴን ፊት ስታይ ግን አፏን ያዘች። እሱ ስንጥቁን በጣቱ እየዳሰሰ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ።

ነጋዴው ጎርፉ ሲጎድል መጣ። «ሠርጉ እኮ ደረሰ፣ አቦ!» ብሎ ራሱን ያዘ። አባቴ ቆሞ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። የእሳቱን ቀለም መለየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ዓይኔ ከድቶኛል» አለው። ያን ሁሉ ጊዜ የደበቅነውን በሰው ፊት ተናገረው። እኔ ጆንያው ጀርባ ቆሜ ነበር። እኔ ነኝ ልል ጆንያውን ገለጥ አደረግሁ፤ መልሼ ለቀቅሁት። አንዱን አውቄ ከዋሸሁ ስንቱን ሳላውቅ አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ነበር።

አባቴ ጆንያውን አወረደው። ከዚያ ወዲያ ናስ አልነካም፤ እሳት የማይፈልገውን የዘይት ጣሳ እየቆረጠ ኩራዝ ሠራ። እኔ ማጀት ገባሁ። ካረጀ በኋላ፣ ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቶ፣ አንድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠን «ያኔ የመረጥሽው ናስ ጥሩ ነበር» አለኝ። ልነግረው ፈለግሁ።

«ውሃ ላምጣልህ?» አልኩት።

ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከአንድ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ወሬ ወሬን አንስቶ ስለ ሳህኖቹ ነገርኩት፤ «ደረሰ» ማለቴንም ጭምር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሽማግሌውን ብዙም አልገረመውም። «አጠገባችሁ ከብት ነበር?» አለኝ።

ከኋላ ግድግዳችን ማዶ የጋሪ ፈረሶች ጋጣ ነበር። እስካሁን ያላነሳሁላችሁ ይረባል ብዬ አስቤው ስለማላውቅ ነው።

«እሱ ነዋ» አለኝ። «የተቀጠቀጠ ናስ ካለቀ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ለስለስ ባለ እሳት ካልሞቀ ውስጡ እንደተወጠረ ይቀራል። የፈረስ ሽንት ትነት በእርጥብ ወራት ሲያገኘው በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል። የአባትሽ ዓይን ምንም አላደረገም፣ አንቺም ምንም አላደረግሽም።»