ጓንት ያጣ ምሕረት

ማርልኮም በምትባለው ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ሰው የሚኮራባቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ደወሉና ፍርድ ቤቱ። ከሁለቱ ድምፁ የማይዋሸው ደወሉ ነበር።

ጓንት ሰፊዋ ቶማሲን ዌልድ የምትኖረው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ በተደገፈች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ባሏ ሂዩ ሲሞት ያወረሳት አንድ መቀስ፣ አንድ የቆዳ መወጠሪያ ጣውላ፣ ደግሞም የሰውን እጅ በዓይን ብቻ የመለካት ጥበብ ነው። በከተማው ሌላ ጓንት ሰፊ ስላልነበረ ሰውን ከፊቱ ይልቅ በእጁ ታውቀው ነበር። የቄሱ እጅ ላብ ይቀናዋል፤ የወፍጮ ቤቱ ጌታ አውራ ጣት እንደ ዱባ ፍሬ ጠፍጣፋ ነው፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የስኬልተን ጣቶች ቀጭንና ረጃጅም ናቸው፣ ወደ ሰው ሣጥን ለመግባት የተፈጠሩ ይመስላሉ። በእያንዳንዱ ጓንት አንጓ ላይ፣ በውስጥ በኩል ማንም በማያየው ቦታ፣ በቢጫ ክር አንዲት የስንዴ ዛላ ትጠልፍ ነበር። ሂዩ የጀመረው ነገር ነው፤ ለምን እንደጀመረው ሳይነግራት ሞተ።

ስትሰፋ ታዜማለች። ዜማዋን የምትቀበለው ከደወሎቹ ነበር፣ በተለይ ከሁሉ ከባድ ከነበረችውና የከተማው ሰው ማርጀሪ ብሎ ከሚጠራት ደወል። ማርጀሪ ስትመታ መርፌዋ ይወርዳል፣ ማርጀሪ ስትተነፍስ ክሩ ይሳባል።

«መርፌዬ ቅደሚ፣ ክሬ ተከተላት፣
ብርድ የቆፈነነው እጅ አለ የሚጠብቃት።»

የማርጀሪን ገመድ የሚጎትተው ጃስፐር ታኬት የሚባል ጎልማሳ ነበር፤ ትከሻው እንደ በር መቃን የሰፋ፣ ኪሱ ግን ሁልጊዜ የተገለበጠ። ይኸው ጃስፐር አንድ የመኸር ሌሊት የቶማሲንን የጓሮ መስኮት ሰብሮ ገባና ለክረምቱ ገበያ የተሰናዳውን የጓንት ሣጥን ይዞ ሄደ።

የተያዘው በዘበኛ ብርታት አይደለም፤ የከተማው ዘበኛ በሕይወቱ የያዘው ጉንፋን ብቻ ነው። ገመድ የሚጎትት ሰው ጓንት አያጠልቅም፣ ለስላሳ ቆዳ ገመድ ያንሸራትታልና። ይህን በማርልኮም ጡት የሚጠባ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ጃስፐር ግን በዕድሜው እንዲህ ያለ የግልገል ቆዳ እጁን ነክቶት አያውቅም ነበርና፣ ካጠለቀው በኋላ ማውለቅ አላስቻለውም። በእሑድ ማለዳ ጓንቱን እንዳጠለቀ ገመዱን ያዘ። ገመዱ ሸሸ፣ ማርጀሪም ተደናቀፈች። ከተማው በሙሉ ቀና አለ። ቶማሲን መርፌዋን አስቀምጣ፣ «ማርጀሪ ምን ነካት?» ብላ ወጣች። ደዋዮቹ ዞረው ሲያዩ ጃስፐር እንደ ሙሽራ ጓንት አድርጎ ቆሟል።

እሷ የፈለገችው ሣጥኗን ብቻ ነበር። ሕግ ግን ሣጥን አይመልስም፣ ሰው ይወስዳል እንጂ። ጃስፐር በቀትር ወደ ሱቁ ገብቶ እየሰደባት ቢወስድባት ኖሮ፣ ማንበብ የቻለን ከስቅላት በሚያድነው የቆየ ሕግ ከመዝሙረ ዳዊት ሁለት መስመር አንብቦ፣ አውራ ጣቱን በጋለ ብረት ተተኩሶ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር። ዳኛው መስኮቱ ተዘግቶ እንደነበር ጠየቋት፤ ተዘግቶ ነበር አለች። ሌሊት እንደነበር ጠየቋት፤ ሌሊት ነበር አለች። ለሌሊት ሰርሳሪ መዝሙር አይነበብም። ስቅላት ተፈረደበት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዜማው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። እውነት ተናገረች፣ በእውነቷ ግን ሰው ሊሰቀል ነው። መርፌው ሲወርድ «ተዘግቶ ነበር» ይላል፣ ክሩ ሲሳብ «ሌሊት ነበር» ይላል። የግጥም ወረቀት የሚሸጠው ሰው እንኳ ሞቱን ሳይጠብቅ የጃስፐርን ሙሾ አሳትሞ በገበያ እየዞረ ያዜም ነበር፦

«ዕድሜ ልኩን ገመድ ሲጎትት ከርሞ፣
ገመድ ጎተተው ዛሬ ተራውን ደግሞ።»

ያዳነችው ማርጀሪ ናት። የአካባቢው ባላባት ሰር አምብሮስ ከሚስታቸው ይልቅ ደወል የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ሚስታቸውም ይህን ስለምታውቅ በእሑድ ጆሮዋን በጥጥ ትደፍን ነበር። በጃስፐር ቦታ ሦስት ሰው ሞከሩ። አንዱን ማርጀሪ ከመሬት አነሳችው፣ አንዱን ጥርሱን አወለቀችው፣ ሦስተኛው በገዛ ፈቃዱ ወደ ሌላ ሃይማኖት ገባ። ሰር አምብሮስ ተቆጥተው ወደ ለንደን ጻፉ። ስለ ደወል ቃል አልተነፈሱም፤ ስለ አንድ የተጸጸተ ወጣት ነፍስ ጻፉ እንጂ። ወጣቱ ፀጉሩ ሸብቷል፤ የተጸጸተውም ጓንት አድርጎ በመደወሉ ነበር። ቢሆንም በእንግሊዝ የሙቀት ወር በሐምሌ፣ ዳኛው ከከተማ ከተማ በሚያደርጉት የችሎት ዙር ወደ ማርልኮም ሲመለሱ፣ የንጉሡ ምሕረት ከነማኅተሙ አብሮ ደረሰ።

በችሎቱ ዋዜማ የወህኒው ጠባቂ ሚስት ፕሩደንስ ወደ ሱቁ መጣች። የመጣችበትን ነገር ቶሎ አላወጣችውም፤ ስለ ሙቀቱ አወራች፣ ስለ ጉልበቷ አወራች፣ በመጨረሻ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች። ምሕረት የተደረገለት ሰው ተንበርክኮ ምሕረቱ እንዲነበብለት ሲለምን ለዳኛውና ለችሎቱ ሹማምንት ጓንት ማበርከት አለበት። የቆየ ልማድ ነው። ጓንት ከሌለ ምሕረቱ አይነበብም፤ ካልተነበበ ጃስፐር እስከሚቀጥለው ዙር ወደ ወህኒ ይመለሳል። የወህኒው ትኩሳት ደግሞ ከአጠገቡ የነበሩትን አንድ በአንድ እያነሳ አሁን ወደ እሱ ጥግ ደርሷል።

«ታዲያ እኔጋ ምን አመጣሽ?» አለች ቶማሲን።

«በከተማው ሌላ ጓንት ሰፊ አለ እንዴ፣ እትዬ?»

«ጓንቴን ሰረቀኝ፤ አሁን ደግሞ ጓንት ስፊልኝ ይላል?»

«እሱማ አፍሮ ስምሽንም አልጠራም። እኔ ነኝ የመጣሁት።»

ቶማሲን ባዶውን የቆዳ መስቀያ አሳየቻት። ሣጥኑ ከተወሰደ ወዲህ ቆዳ መግዣ አልነበራትም፤ ቢኖራትም ያን ሁሉ እጅ በአንድ ምሽት ማልበስ አይቻልም። ሰር አምብሮስ ተጠይቀው ነበር፤ «እኔ ያስፈታሁት ደዋይ ነው፣ የዳኞችን እጅ ላሞቅ አልማልኩም» ብለዋል። የቀረው የተሰረቀው ሣጥን ነው። ሣጥኑ ማስረጃ ተብሎ ጸሐፊው ስኬልተን ዘንድ ተቀምጧል። ክረምቱን ሙሉ ስትመላለስበት መልሱ አንድ ነበር፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም።

ያን ምሽት ሄዳ በሩን አንኳኳች። ሣጥኑ ለራሷ እንዳልሆነ፣ ለሰውየው ነፍስ እንደሆነ ነገረችው። ስኬልተን በበሩ ስንጥቅ አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ፣ ሣጥኑን አይጥ እንደበላው በታላቅ ሐዘን አስታወቃትና ዘጋው። እጁን አላሳያትም።

በማግስቱ ችሎቱ እንደ ምጣድ ግሏል። ጃስፐር ሰንሰለቱን እየጎተተ ገባና ተንበረከከ፤ ያ የበር መቃን የሚያህል ትከሻ የኮት መስቀያ ሆኗል። ቶማሲን ፊቱን ማየት አቃታት። እንደ ልማዷ እጅ ማየት ጀመረች።

የአዋጅ ነጋሪው እጅ። የበር ጠባቂው እጅ። የስኬልተን ረጃጅም ጣቶች። ክቡር ዳኛው በሐምሌ ሙቀት ጓንት አጥልቀዋል፤ ክብር አያልበውም። ሁሉም ለስላሳ የግልገል ቆዳ ነው፣ ሁሉም ስፌቱ በማርጀሪ ትንፋሽ የተለካ። የገዛ ልጆቿን በሰው ቤት እንዳየች እናት ልቧ ዘለለ።

«ጓንቱስ?» አሉ ዳኛው።

ጃስፐር አንገቱን ደፋ። «የለኝም፣ ጌታዬ።»

ዳኛው ምሕረቱን መልሰው መጠቅለል ሲጀምሩ ቶማሲን ተነሳች።

«ጓንቱ ተበርክቷል፣ ክቡር ዳኛ። እጃችሁ ላይ ነው።»

ስኬልተን እጁን ጠረጴዛ ስር አስገባ።

«አንጓው ላይ ገልበጥ ያድርጉት፣ ጌታዬ። ቢጫ የስንዴ ዛላ አለች።»

ዳኛው ገለበጡ። ዛላዋ እዚያው ነበረች። ከኋላቸው የበር ጠባቂውም ሳያስበው የራሱን ገለበጠ።

«ክቡር ዳኛ፣» አለ ስኬልተን እየተቻኮለ፣ «እነዚህኮ የተሰረቁት…» አለና የተናገረውን ራሱ ሰማ።

«የተሰረቁ ከሆኑ የኔ ናቸው፣» አለች ቶማሲን። «ግን ሰርሳሪው ክረምቱን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ነበር፤ ማን ለእናንተ እንዳደላቸው እሱ አያውቅም። ስጦታ ከሆኑ ደግሞ፣ እኔ ዛሬ ጠዋት ሣጥኑን ከነጓንቱ ለጃስፐር ሰጥቼዋለሁ፤ መልሼም አልጠይቅም። እሱም ይኸው ለእናንተ አበረከተ። የትኛው እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። እኔ መርፌ እንጂ ሕግ አላውቅም።»

ዳኛው ጓንታቸውን አዩ፣ ጸሐፊውን አዩ፣ በመስኮት ተንጠልጥሎ የሚሰማውን ሕዝብ አዩ።

«ችሎቱ ጓንቱን ተቀብሏል፣» አሉ ዳኛው። ዛላዋን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ስፌቱም መልካም ነው፣» ብለው ምሕረቱ እንዲነበብ አዘዙ።

ሰር አምብሮስ ሰንሰለቱ ሳይቀዘቅዝ ጃስፐርን ወደ ደወሉ ግንብ ወሰዱት። ሙሾ ሻጩ የተረፈውን ወረቀት እያየ ሲራገም ዋለ፤ ኋላ ግን ሟቹ ራሱ የፈረመበት ነው እያለ በእጥፍ ሸጠው።

ከቀትር በኋላ ማርጀሪ ስትመታ ቶማሲን ባዶው ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አንድ ጥንድ ጓንት እንኳ አልቀራትም። ግን መርፌዋን አነሳች፤ የምትሰፋው ነገር ባይኖርም መርፌው ከደወሉ ጋር ወረደ፣ ጉሮሮዋም ተከፈተ።

ሲመሽ ጃስፐር በጓሮው ሳይሆን በፊት ለፊቱ በር መጣና ቆብ አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ። የሰበረውን መስኮት ሊጠግን ነው የመጣው። መዳፉ በወህኒ ለስልሶ ስለነበር ገመዱ ልጦታል፣ ይደማል።

«ና ወዲህ፣» አለችው፤ እጁን ይዛም በክር መለካት ጀመረች።

«እትዬ ቶማሲን፣ ደዋይኮ ጓንት አያደርግም።»

«ይህንን ከዳኛ ፊት ሳትቆም ብታስታውሰው ምን ነበረበት፣ አንተ ጅል? ለቤትህ ነው። ለመደወያ ብታደርገው ግን አልምርህም።»