አባቴ ስታዲየም ውስጥ የተጠራ ዕለት

የዚያን ዕለት የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጃችንና መኪና ያለው የባለቤቴ ጓደኛ ነን። ኦክላንድ ስታዲየም ውስጥ የነበረውን ሌላውን ሕዝብ አላውቀውም። ያስፈራኝም እሱ ነው።

ባለቤቴ አሜሪካ የመጣው ለትምህርት ነው፤ እኔ እሱን ተከትዬ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛዬ ለሱቅ ይበቃ ነበር፤ ለስታዲየም አይበቃም።

ጓደኛው "ቤዝቦል ሳያዩ አሜሪካን አየሁ ማለት አይቻልም" ብሎ ወሰደን። ጨዋታው አንድ ሰው ዱላ ይዞ ቆሞ ኳስ የሚጠብቅበት ነው። ብዙውን ጊዜ ኳሱን ይስታል።

ከመግባታችን በፊት ለልጄ እንደ ሁልጊዜው ነገርኳት።

"የማታውቂው ሰው ስምሽን ቢጠይቅሽ እንዳትናገሪ።"

"ኦኬ" አለች።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ሕዝቡ በሙሉ ብድግ አለ። ትልቅ ሰው የገባ መስሎኝ እኔም ተነሳሁና ነጠላዬን አስተካከልኩ። ለካ እግራቸውን ሊያፍታቱ ነው። ስቀመጥ የልጄ ወንበር ባዶ ነበር።

ባለቤቴና ጓደኛው በግራና በቀኝ ሮጡ። እኔን አንድ ዘበኛ ዋናው በር አጠገብ ወዳለ ቢሮ ወሰደኝ። ድምፅ ማጉያ የያዘች ሴትዮ "ኔም?" አለችኝ። የልጄን ስም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማስጠራት አልወደድኩም፤ አንዱ ሰምቶ በስሟ ጠርቶ ቢወስዳትስ? "ላስት ኔም?" አለች። የኔን የጠየቀችኝ መስሎኝ የአባቴን ስም ሰጠኋት።

አባቴ ወደ ዋናው በር እንዲመጣ ተጠራ። ደግሞም ተጠራ። አባቴ ከደብረ ማርቆስ ርቆ ሄዶ አያውቅም፤ ከሞተም ቆይቷል።

ባለቤቴ እያለከለከ ገባ።

"ምነው አባትሽን ታስጠሪያለሽ? ልጅቷን አስጠሪ እንጂ!"

"ላስት ኔም አለችኝ።"

"የልጅቷ ላስት ኔም የኔ ስም ነው!"

"አንተማ እዚሁ ነህ። ምን ብዬ አስጠራሃለሁ?"

ጓደኛው ከኋላው ደርሶ፣ "እሳቸው ከመጡ መኪናው አይበቃንም" አለ። እሱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። አይኔ ከበሩ አልተነሳም።

በበሩ የገባችው ኦቾሎኒ የሞላ ትሪ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት ናት። በአንድ እጇ ልጄን ይዛለች።

"እትዬ፣ የርስዎ ናት? ስሙን አበላሽተው ጠሩት፤ ያገር ቤት ስም መሆኑ ግን አልጠፋኝም። አበሻ አለ ብዬ ስዞር ይቺን ደረጃ ላይ አየኋት። ዘበኞቹ ስሟን ቢጠይቋት፣ ቢጠይቋት፣ ወይ ፍንክች! እኔ 'የማን ልጅ ነሽ?' ስላት ያባቷን ስም ነገረችኝ።"

ልጄን ከራስ እስከ እግሯ ዳበስኳት። ምንም አልሆነችም፤ ኦቾሎኒ ትበላ ነበር። ለምን ተናገርሽ ብላት በእንግሊዝኛ መለሰች። ባለቤቴ ተረጎመልኝ፤ "ስምሽን አትናገሪ ነው ያለችኝ፣ የአባቴን አላለችኝም።" እውነቷን ነው።

ወጣቷ ሳን ሆዜ ነርስነት ትማር ነበር፤ ኦቾሎኒውን የምትሸጠው በእረፍት ቀኗ ነው። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ቤታችን እየመጣች ልጄን ፊደል አስቆጠረቻት። አብዮቱ የፈነዳ ሰሞን "እናቴን አይቼ እመለሳለሁ" ብላ አገር ቤት ገባች። አልተመለሰችም። ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ እስካሁን ስለሷ ትጠይቀኛለች።

ስሟን እዚህ አልጽፍም። ሳላስፈቅዳት በሰው ፊት ማስጠራት አልወድም። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት፣ በዚያን ጊዜ ኦክላንድ ስታዲየም ኦቾሎኒ ትሸጥ የነበረች የነርስነት ተማሪ የት እንዳለች የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።