ከቀዩ አፈር በታች

ስቆፍር ከዳር ቆሞ የሚመክረኝ ሰው አልወድም። ባሌ ውስጥ ደግሞ የቁፋሮ ማሽን የቆመበት ግቢ መካሪ አያጣም። አንዱ «የጎረቤቱ በሃያ ሜትር ወጥቷል፣ እዚህም ይወጣል» ይላል። ሌላው ሣሩ ለምለም የሆነበትን ጥግ በከዘራው ያሳየኛል። እኔ ሮቤ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ በአማርኛም በኦሮምኛም ዝም በሉ ማለት እችላለሁ። ግን ማን ሰምቶኝ!

የእኛ አገር መሬት ከላይ ጥቁር ነው፤ ሲናና ላይ ስንዴውን የሚያበቅለው፣ ክረምት ላይ ጫማ የሚያወልቀው ኮትቻ። ከሱ በታች አንድ ዘመን እንደ እሳት ፈስሶ የቀዘቀዘ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ራሱ ውሃ አይይዝም፣ ውሃው ያለው በስንጥቁ ውስጥ ነው። ስንጥቅ ደግሞ የግቢ ካርታ አያውቅም፤ የጎረቤትን ግቢ አቋርጦ የአንተን ሊስተው ይችላል። ወረድ ሲሉ ቀይ አፈር ይመጣል። የቀዘቀዘው ድንጋይ ላዩ አፈር ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ ሌላ የእሳት ጎርፍ መጥቶ የጠበሰው ነው። ሸክላ ስለሆነ ውሃ አያሳልፍም፤ ከላዩ ያለው ውሃና ከታቹ ያለው አይተዋወቁም። ከታቹ መኖሩንም የሚያውቅ የለም፣ ተቆፍሮ ነው የሚታየው።

ጎባ የሄድነው ጡረታ የወጡ ነርስ ግቢ ነበር። እማማ እላቸው ነበር። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የቧንቧ ውሃ በፈለገው ቀን ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የሚቀዱት ከጎረቤታቸው ከሐጂ ጉድጓድ ነበር። ክረምት ላይ ጀሪካን ይዘው ሲመለሱ ጭቃው አንሸራተታቸውና እጃቸው ተሰበረ። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ያን ጊዜ ነገሩን ቆረጠው፦ ግቢያቸው ውስጥ ውሃ ከወጣ ይቀመጣሉ፣ ካልወጣ ቤቱ ይከራይና ወደሱ ይሄዳሉ። እሳቸውም እሺ ብለዋል። ልጁ ግን ለእኔ ለብቻዬ ደውሎ «እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ ባይወጣ ደስ ይለኛል» አለኝ። ከፋዩ ደረቅ ጉድጓድ የሚመኝበት ሥራ ገጥሞኝ አያውቅም።

ጀመርን። ኮትቻውን አለፍን፣ ድንጋዩ ውስጥ ገባን። ሃያ ሜትር ገደማ ላይ የሚወጣው አቧራ ረጠበ፤ ትንሽ ቆይቶ ውሃው ወደ ላይ ተረጨ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ተሳሳቁ፣ እማማ በደህናው እጃቸው አማተቡ። እኔም ደስ አለኝ፤ አጋርፋ ሌላ ሥራ ይጠብቀኝ ነበር።

ይህን ስንል ሐጂ ጋቢያቸውን እየጎተቱ በበሩ ገቡ። «ቢሻን ኮ ዳንፋ ጅራ» አሉ። ውሃዬ እየፈላ ነው ማለታቸው ነው። ሄጄ ጉድጓዳቸውን አየሁት። እውነትም ውሃው ይንተከተካል። ማሽናችን የፈጨውን ድንጋይ ጠርጎ የሚያወጣው በአየር ግፊት ነው፤ አየሩ በስንጥቁ ሄዶ በሳቸው ጉድጓድ ወጥቷል። የሁለቱ ግቢ ውሃ አንድ ነበር።

ተመልሼ ለእማማ ነገርኳቸው። «የእኔ ፓምፕ ሲስብ የሳቸው ምን ይሆናል?» አሉኝ።

«ይጎድላል። በበጋ ሊደርቅም ይችላል።»

«እንግዲያው ድፈነው።»

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ተቆጥተው የመጡት ሐጂ እንኳ ደነገጡ። «አዴ፣ እናቴ፣ ይተዉ እንጂ። ውሃው የአላህ ነው። እርስዎ ይጠጡ፣ እኛ ሌላ እንፈልጋለን።»

«የት ነው የሚፈልጉት ሐጂ? መንደሩ ሁሉ ከርስዎ ነው የሚቀዳው። ያን ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ አፈሩን በገመድ የሳበው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። እኔ ልቀመጥ ብዬ ሴቱን ሁሉ ወንዝ አልሰድም።»

ደሜ ፈላ። የወጣ ውሃ ድፈን መባል ለቆፋሪ ምን ማለት እንደሆነ ማን ይረዳኛል? ይህን ደፍነን ወደ ታች ብንቀጥል ከቀዩ አፈር በታች ውሃ ላይኖር እንደሚችል፣ ልጃቸው የተዋዋለው ጥልቀት ደግሞ ልክ እንዳለው አስረዳኋቸው። «ከሌለ እሄዳለኋ» አሉና ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዞሩ። ቤቱን እያዩ «የዚህን ሰፈር ግማሹን ያዋለድኩት እኔ ነኝ። እዚያ ማን ያውቀኛል?» አሉኝ።

ኬዚንግ የምንለውን ቧንቧ፣ ቀዳዳ የሌለውን፣ አውርደን ዙሪያውን በሲሚንቶ ደፈንነው። እስኪደርቅ ጠበቅን። አጋርፋ ያሉት ሰዎች እየደወሉ ሰደቡኝ። ከዚያ በቀጭኑ መሰርሰሪያ ቀጠልን። የሐጂ ጉድጓድ ጸጥ እንዳለ ነበር፤ ድፈናው ይዟል።

ቀዩ አፈር መጣ። እማማ አንድ እፍኝ አንስተው በጣታቸው አሹት። «ይሄ ነው?» አሉኝ። «ይሄ ነው» አልኳቸው። ከሱ በኋላ ግን የሚወጣው አቧራ ብቻ ሆነ። የመሰርሰሪያ ዘንግ ቀጠልን፣ አቧራ። ሌላ ዘንግ ቀጠልን፣ አሁንም አቧራ። መካሪዎቼ አንድ በአንድ ወጥተው ሄዱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ናፈቁኝ። ሐጂ ብቻ አግዳሚው ላይ ከእማማ ጎን ተቀምጠው ሙስበሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። የእማማም ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ልጅየው የተመኘው ሊደርስለት ነው ብዬ አዘንኩ፣ በሱም ተናደድኩ።

የውሉ የመጨረሻ ዘንግ ላይ አቧራው መርጠብ ጀመረ። እፍኝ አድርጌ ስጨብጠው ተጣበቀ። አቁመን አሳደርነው። ጠዋት ገመድ ስናወርድ ውሃ ቆሟል፤ ፓምፕ ስናስገባ ግን ገና ጀሪካኖቹን ደርድረን ሳንጨርስ አየር መሳብ ጀመረ። ቆይቶ ሞላ፣ እንደገና ሳብነው፣ እንደገና አለቀ። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለውን ጉድጓድ ወጣ አንለውም።

ልጁ ደወለ። «እሺ፣ ምን ሆነ?»

«ደካማ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የሚሆን አይደለም» አልኩት። የማውቀውን ነው የነገርኩት።

እማማ አጠገቤ ነበሩ። «በቀን ስንት ጀሪካን ይሰጣል?» አሉኝ።

«አምስት፣ ቢበዛ ስድስት።»

«እኔ ስንት ነኝ?»

ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። «ልጄ፣ ውሃው ወጥቷል» አሉት። «አልመጣም።» ከወዲያ ብዙ ተናገረ፤ እሳቸውም እስኪጨርስ አዳመጡትና «እሺ፣ ለፋሲካ እናንተ ኑ» ብለው ስልኩን መለሱልኝ። ከዚያ በደህናው እጃቸው አንዱን ጀሪካን አንስተው ጥቂት እንደሄዱ አስቀመጡት። ውሃውን ሊያይ የመጣው የሐጂ ልጅ ተቀበላቸውና ወደ ጓዳ አስገባላቸው።

እኔም ለእንዲህ ያለ ጉድጓድ የምትበቃውን ትንሿን ፓምፕ ከመኪናው አወረድኩ።