የከርከሮው አጥርና የሽማግሌው ጣት

ከርከሮ ጠላቴ ነው። አዋሽ ዳር የተከልነውን በቆሎ እየገለበጠ ሲጨርስብን፣ ባሌ ካስማው እየተነቀለ ከቦታ ቦታ የሚዛወር የኤሌክትሪክ አጥር ገዛ። ከትንሽ ሣጥን ጠቅ ጠቅ እያለ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ቆንጥጦ የሚለቅ እንጂ የሚገድል አይደለም። ጎረቤታችን የሆኑት የአፋር ሽማግሌ ይህን ካወቁ ወዲህ፣ ግመሎቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ ባለፉ ቁጥር ሽቦውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ "ልጄ፣ ያንቺ ውሻ ዛሬም ጥርስ የለውም!" እያሉ ይስቁብኛል። እኔም እስቃለሁ።

የዚያን ቀን ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ባሌ የከባድ መኪና ኤሌክትሪሻን ነው፤ ለሥራ ገዋኔ ሄዷል።

"ሣጥኗ ተቃጥላ ስለነበር ማለዳ ሽቦውን በቀጥታ ከኢንቨርተሩ ጋር አገናኝቼዋለሁ። ሳልነግርሽ ወጣሁ፤ እንዳትነኪው" አለኝ፣ ዳቦ ግዢ እንደሚል ሰው።

ባለሙያ ባል አግብተሽ እፎይ በይ! ኢንቨርተር እኮ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል የሚቀይር ነው፤ ከያዘ አይለቅም።

ቀና ስል ሽማግሌው ከአጥሩ ማዶ ደርሰዋል። ጣታቸውን ቀስረዋል። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

"አባባ፣ አይንኩት! ይገድላል!"

ሳቁ። ስንት ጊዜ እንዲህ እያልኩ ቀልጄባቸዋለሁ! ሮጬም አልደርስ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ "ዳጉ! ዳጉ ይዣለሁ!" ብዬ ጮህኩ።

አፋር ዳጉ ከተባለ የያዘውን ሁሉ ይተዋል። ወሬ ያለው ሰው ያየውንና የሰማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይናገራል፤ ሌላው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ቀልድና ውሸት የለበትም። ሽማግሌው ጣታቸውን ሰበሰቡና መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሄጄ ኢንቨርተሩን ከባትሪው ነቀልኩ፤ ተመልሼም ፊታቸው ዘጭ አልኩ። እዚህ የተነገረ ዳጉ ሰመራ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ በባሌም መላው አገር እንደሚስቅበት። ግን ዳጉ ነውና የሠራውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እስኪያልቅ ሰሙኝ። ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ፣

"ሽቦውን ያሰረው ማለዳ ነው?" አሉ።

"አዎ፣ አባባ።"

"አንቺስ፣ ልጄ፣ ከማለዳ ጀምሮ የት ነበርሽ?"

ዞሬ ሽቦውን አየሁት። ከማለዳ ጀምሮ ጎንበስ ብዬ ከሽቦው ሥር ሣር ስነቅል ነበር።