ለብርዱ ስል የተመላለስኩበት ቤት

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ተቀምጬ አንድ ሽታ ሲመጣብኝ ከወዴት ነው ብዬ ዞር ዞር አልኩ፤ የሚመጣው ከራሴ ጠረጴዛ ነበር። የሥራ ላፕቶፔ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጓራ ውሎ፣ በጎኑ ባለው ክፍተት የጋለ አቧራና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ይተፋል። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ «አጥፊው እንጂ፣ ሊቃጠልብሽ ነው!» አለችኝ። አጠፋሁት፤ እጄን ግን ከላዩ ሳላነሳ ቆየሁ። ያንን ሙቀት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ጭኔ ላይ አውቀው ነበር።

ቤታችን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሠፈር ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ ካልተጋደሙ የማይቀመጡበት ቤት። እናቴ የሞተችው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስለሆነ የምንኖረው እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። አባቴ ከጎጃም ለማስተማር መጥቶ፣ እናቴን አግብቶ፣ እሷን ከቀበረ በኋላም እዚሁ የቀረ ዝምተኛ መምህር ነው። ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ የሥራ ባልደረባው ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ «ለጥናትሽ» ብሎ ሰጠኝ። እኔም ለጥናቴ ተቀበልኩና በሳምንቱ የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ ጫንኩበት።

ጨዋታው ለምን እንደያዘኝ አሁን ይገባኛል። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሠፈሬን ካለፍኩ በኋላ ሌላ ሰው ሲወርድ አብሬ የምወርድ፣ ከዚያ በፀሐይ በእግሬ የምመለስ ልጅ ነበርኩ። ጨዋታው ውስጥ ግን ማንንም አሳልፉኝ ብዬ አልለምንም፤ በቀኝም በግራም ሰንጥቄ አልፋለሁ። ችግሩ ላፕቶፑ አለመቻሉ ነበር። መኪናዬ አንዴ ትሄዳለች፣ አንዴ ትቆማለች፤ መታጠፊያው ጋ ስደርስ ምስሉ ድርቅ ይልና ሲመለስ ገደል ውስጥ ነኝ። ኢንተርኔት ቤት እየሄድኩ መፍትሔውን በደብተር ገልብጬ እመጣ ነበር። ሌሎቹን ፕሮግራሞች ዘጋሁ፣ ፊልሞቹን አጠፋሁ፣ የምስሉን ጥራት ዝቅ ዝቅ እያደረግኩ ዛፎቹ አረንጓዴ ካርቶን እስኪመስሉ ደረስኩ፤ ጥላ የሚባል ነገርም ከዚያ ዓለም አነሳሁ። አንድ ቀን ከላንቴ መንደር ሙዝ ከሚያመጡት ሴቶች እርጥብ ቅጠል ለምኜ፣ አጥቤና አድርቄ ከሥሩ አነጠፍኩለት። ለአሥር ደቂቃ ያህል እንደ ነፋስ ሄደ፤ ከዚያ ቅጠሉ ጠወለገ፣ እኔም ገደል ገባሁ።

በዚያ ዓመት ለመስቀል ከአባቴ ጋር ወደ ደጋው፣ ወደ ገረሴ ወጣን። እዚያ የምትኖረው የእናቴ ታላቅ እህት አክስቴ ቦጋለች ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ረጅም ቀጭን ሴት። ቤቷ እንሰቱ መሀል ነው፤ ጭጋጉ ጠዋት በበሩ ገብቶ ከሰው ጋር ይቀመጣል። ላፕቶፑን ይዤ የሄድኩት እቤት ጥሎ መሄድ ፈርቼ ነበር። በሩ አጠገብ ባለው የመብራት ማከፋፈያ ሰካሁትና እስቲ ብዬ ከፈትኩት፤ መኪናዋ በረረች። አንድም ጊዜ ሳትደናቀፍ ዙሩን ጨረሰች። ከተራራው ላይ ስለሆኑ መብራቱ በመጀመሪያ እነሱ ጋ የሚደርስ፣ እኛ ጋ ሲወርድ የሚደክም መስሎኝ ነበር። ብርዱ መሆኑ የገባኝ፣ አክስቴ እንዳይበርደኝ ብላ እሳቱን ወደ እኔ ስታስጠጋው ጨዋታው መንቀርፈፍ ሲጀምር ነው። ከእሳቱ ራቅ ብዬ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። «ቆላ ያደገ ልጅ ብርድ አይፈራም እንዴ?» ብላ ጋቢ ደረበችልኝ። ማታ ላፕቶፑን ስዘጋው ደግሞ እሱንም በነጠላዋ ሸፈነችው።

በዚያው በዓል አባቴ የመጣበትን ጉዳይ አነሳ። የአክስቴ ጉልበት ታሞ ነበር፤ ውኃው ከቤቷ ቁልቁል ርቆ ያለ ምንጭ ነው፣ መንገዱም ሲዘንብ ያዳልጣል። «እትዬ ቦጋለች፣ ይሄ ጉልበት ለዚህ ዳገት አይሆንም። ክፍል አለን፣ ከእኛ ጋር ይሁኑ» አላት። አክስቴ እሳቱን ቆሰቆሰች። «ገብሱ ይሰብሰብ። ከዚያ እወርዳለሁ» አለች። አባቴ ተመልሶ እንደገባ የእናቴን ዕቃ የምናስቀምጥበትን ክፍል ኖራ ቀባው፤ አልጋም አሠራ።

እኔ ግን ገብሱ እስኪሰበሰብ አልጠበቅኩም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ «አክስቴ ናፈቀችኝ» እላለሁ። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ደስታ ማየት ስለሚከብደኝ ቦርሳዬን እያሰርኩ ነበር የምናገረው። ሚኒባሱ ሽቅብ በወጣ ቁጥር በመስኮቱ የሚገባውን አየር በመዳፌ እለካለሁ፤ ሲቀዘቅዝልኝ ደስ ይለኛል። አክስቴ መንገዱ ዳር ቆማ ትጠብቀኛለች። ገብስ ቆልታ፣ በሩ ጋ በርጩማዬን አስቀምጣ፣ ማከፋፈያውን እንኳ ራሷ ጎትታ። እኔ ስጫወት ከጎኔ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ታወራለች። የምታወራው ስለ እናቴ ነበር። ይህን የማውቀው ስሟ አልፎ አልፎ ስለሚሰማኝ ነው፤ የቀረውን «እሺ»፣ «እህ» እያልኩ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ አሳልፈው ነበር። አንዳንዴ ወሬዋን ታቋርጥና ወደ ምስሉ ጎንበስ ብላ «ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ትገጫለሽ!» ትለኛለች።

ጎረቤቷ እማማ ዘነበች ተረበኛ ነበረች። «ይሄን ሳጥን ታቅፋ ትውላለች፤ ባል ነው እንዴ?» ስትል አክስቴ ተቆጣች። «ትምህርት ነው! ቤቷ ሙቀት ነው፣ አያስጠናም። እኔን ልትጠይቅ መጥታ ትምህርቷም እንዳይቀር ነው።» ይህን ያልኳት እኔ አልነበርኩም፤ ሰበቡን የሠራችልኝ ራሷ ነበረች።

ገብሱ ተሰበሰበ። አባቴ መኪና ለምኖ ሊወስዳት መጣ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ፣ እንደተለመደው በሩ ላይ። ዕቃዋ አልታሰረም። «አልወርድም» አለችው። «እኔ ከወረድኩ ይቺ ልጅ ወዴት ትመጣለች? የእናቷን አገር ወዳዋለች። እሷ እያለች እኔ ብቻዬን አይደለሁም።» አባቴ ወደ እኔ ዞረ። አክስቴም ዞረች፤ «አይደል ልጄ?» አለችኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «እኛ ጋ ይሻልሻል» ብል ትወርድ ነበር፤ አሁንም አልጠራጠርም። የመጣልኝ ግን ይህ ቀዝቃዛ ቤት ከተዘጋ የት እጫወታለሁ የሚለው ነበር። «አዎ» አልኩ።

ጥር ላይ ላፕቶፑ ጨርሶ አልነሳ ሲል፣ አባቴ ላይኛው ከተማ ሴቻ ወደሚገኝ ኮምፒውተር ጠጋኝ ይዞኝ ሄደ። ሰውዬው ጀርባውን ከፈተና ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ብርድ ልብስ ለብሷል!» አለኝ። ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኖ ኖሯል። በብሩሽ ጠረገው፣ እፍ አለበት፣ የደረቀውን የማቀዝቀዣ ቅባት ፍቆ አዲስ ቀባለት። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ አልቆ ጠበቀን። በዚያው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቆርቆሮው ሥር መኪናዬ በረረች።

ከዚያ በኋላ ገረሴ አልሄድኩም። አልሄድም ብዬ አልወሰንኩም፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ ቅዳሜ ያልፋል። አክስቴ በገበያተኛ እጅ ቆጮ ትልክና «ልጅቷ መቼ ናት የምትመጣው?» ታስብላለች። «ፈተና ላይ ናት በሏት» እላለሁ። አባቴ አንድ ቀን ብቻ «አክስትሽ አልናፈቀችሽም?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልሴን ሳይጠብቅ ወጣ።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ጠና። አክስቴ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ከምንጩ በላይ አዳልጧት ወደቀች፤ እማማ ዘነበች ፈልጋ እስክታገኛት ከጠዋት እስከ ቀትር በጭቃው ላይ ተኝታ ቆየች። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና አወረዷት። የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። ከሆስፒታል ስትወጣ አባቴ ኖራ ወደ ቀባው ክፍል ገባች፤ ሁለተኛ ግን በእግሯ ከዚያ አልወጣችም። አንድ ዓመት ተኩል ኖረች፣ ሙቀቱ እየፈጃት። እኔ ምግቧን አስገባለሁ፣ ትራሷን አስተካክላለሁ፣ ፈጥኜ እወጣለሁ። ዓይኗን ማየት አልችልም ነበር፤ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ክንዴን ይዛ «በየሳምንቱ ዳገት እየወጣች ትጠይቀኝ የነበረችው ይቺ ናት» ትላለች። እሷ በየሁለት ሳምንቱን በየሳምንቱ አድርጋው ነበር። አላረምኳትም።

የቀበርናት ገረሴ ነው። ከቀብር መልስ ሴቶቹ ከሁሉ ፊት አስቀመጡኝ፤ ልጇ ነሽ አሉኝ። እማማ ዘነበች እጄን ይዛ «አንቺ ነሽ የሰማሻት፤ እስቲ አጫውቺን። ስለ እናትሽ ምን ምን ትነግርሽ ነበር?» አለችኝ። ሴቶቹ ተጠጉኝ። አፌን ከፈትኩ። አንድ ነገር ፈለግኩ፤ እናቴ በልጅነቷ የምትፈራውን፣ የምትስቅበትን፣ ማን ይቆጣት እንደነበር። የአክስቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፣ ቃሉ አልነበረም። «ተዉአት፣ ሐዘኑ አንቋት ነው» አለች እማማ ዘነበች፤ ደረቷ ላይ አስጠጋችኝ፣ ሴቶቹም ለእኔ አዝነው እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመሩ። አባቴ የማያውቀው፣ ከእንግዲህ ማንም የማይነግረኝ የእናቴ ልጅነት በዚያ ቤት ለብዙ ቅዳሜዎች ሲነገር ነበር፤ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ነበር።