ለመማል እምቢ ያለችው የኡኬ ሴት

ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ፖሊስ አዛዥ ተከታታይ የወንጀል ልብ ወለዶችን በመጻፍ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። በየመጽሐፉ አንድ ነገር ይጠፋል፤ አዛዡም በትዕግሥት ፈልጎ ሌባውን ይይዛል። ከእነዚህ በአንዱ፣ ካልተሳሳትኩ በአራተኛው፣ አዛዡ የመንደሩን ሰው ሰብስቦ በየተራ ያስምላል፤ ለመማል ያንገራገረውም ሌባው ሆኖ ይገኛል። ስጽፈው ብልሃት መስሎኝ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በፊት የኡኬ ከተማ ፖሊስ አዛዥ፣ እውነተኛው ማለቴ ነው፣ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ደወለ። የእድራቸው ድንኳን ከዕቃ ቤት ተሰርቋል። የእድሩ ሹሞችም የፖሊስን ምርመራ ሳይጠብቁ አባላቱን ሰብስበው አስምለዋል። ሁሉም ሲምል፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የምትይዘው ሴት ብቻ እምቢ ብላለች።

«ጴንጤ ናት፣ ጋሼ» አለኝ። «መማልን እምነቷ አይፈቅድም። እነሱ ግን የእርስዎን መጽሐፍ እየጠቀሱ መድረሻ አሳጡኝ። እሑድ ከእድሩ ሊሰርዟት ነው። ባሏ የአልጋ ቁራኛ ነው፤ ቢሞትባት ማን ይቀብርላታል? መጥተው አንድ ቃል ይንገሩልኝ።»

ስልኩን ይዤ አፈርኩ። እኔ በማርያም፣ በሚካኤል እየማልኩ ያደግሁ የሸዋ ሰዎች ልጅ ነኝ። ጎረቤቶቼ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ጴንጤዎች ናቸው። እንደማይምሉም አውቃለሁ። ያን ምዕራፍ ስጽፍ አንዳቸውም ትዝ አላሉኝም።

እሑድ ከሰዓት የእድሩ ቤት ሞልቶ ጠበቀኝ። የእድሩ ዳኛ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ!» ብሎ ከተቀበለኝ በኋላ ወደ ሰዉ ዞረ።

«ይኸው፣ ባለ ነገሩ ራሱ መጣ!»

«የእኛ አዛዥማ» አለ ከኋላ አንዱ፣ «ሌባ የሚይዘው እሳቸው ሲጽፉለት ብቻ ነው!»

ሰዉ ሳቀ፤ አዛዡም አብሮ ሳቀ። ሴትዮዋ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አልሳቀችም።

እኔ ስለ ልብ ወለድ ምንነት፣ ቀጥሎም ስለ መሐላ ታሪክ ማብራራት ጀመርኩ። መቼም አጭር ንግግር አላውቅበትም። ዳኛው አቋረጠኝ።

«እሱስ ይሁን፣ ኦቦ። ሰርቃለች ወይስ አልሰረቀችም?»

ሴትዮዋ ተነሣች። «አልሰረቅሁም። ቃሌ ይኸው ነው፤ በላዩ ላይ የምጨምርበት የለኝም። እርስዎ ያምኑኛል፣ አባባ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«በእጄ ማስረጃ ሳይኖር» አልኩ፣ «ይህን ወይም ያን ማለት ይከብደኛል።»

እኔ እንደማስታውሰው «ቅን ሴት ግን ትመስለኛለች» ብዬ ጨምሬአለሁ። አዛዡ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም ይላል። የእኔ ትዝታ ለእኔ ስለሚያደላ የእሱን አምናለሁ።

«ሰማችሁ!» አለ ዳኛው። «ጸሐፊውም አላመናትም። ትሰረዝ የምትሉ እጅ አውጡ!»

እጆች መነሣት ጀመሩ። ያኔ አዛዡ ቆመ፤ እሱም የእድሩ አባል ነው።

«እሷን ስትሰርዙ የእኔንም ስም አብራችሁ ሰርዙ። እናቴ የሞተች ጊዜ ከድንኳኑ ሥር ሦስቱንም ቀን ቆማ ያስተናገደችልኝ እሷ ናት። እናንተ ወዲያው ነው የሄዳችሁት።»

ጫጫታ ተነሣ። አንዳንዶች እጃቸውን አወረዱ፤ አንዳንዶች ይባስ ጮኹ። ዳኛው ለመመካከር ጥቂት እረፍት ይሁን አለ። አዛዡ ክንዴን ይዞ ወደ መንገዱ ዳር፣ የነቀምቴ ሚኒባስ ወደሚጫንበት ወሰደኝ።

«ምን ማለት ነበረብኝ?» አልኩት።

«አምናታለሁ ማለት ነዋ።»

«ማስረጃ ሳይኖረኝ?»

«ጋሼ፣ በመጽሐፉ ያንን ሰውዬ ሌባ ያደረጉት አልምልም ስላለ ብቻ አይደል? ሌላ ምን ማስረጃ ነበረዎት?»

ሚኒባሱ መቼ እንደሚነሣ ጠየቅሁት። በኋላ እንደነገረኝ ሴትዮዋ አልተሰረዘችም። እሱ በቃሉ ስለጸና ዳኛው አፍሮ ነገሩን ተወው። ድንኳኑ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር። አዛዡ ተሰናብቶኝ ወደ ስብሰባው ተመለሰ፤ እኔ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩና እስኪሞላ ጠበቅሁ። ረዳቱ «ነቀምቴ! ነቀምቴ!» እያለ ሲጣራ ረዘም ያለ ጊዜ ሄደ። የእድሩ ቤት በር ከተቀመጥኩበት ይታያል፤ የሰዉም ድምፅ ይሰማኛል። ወርጄ፣ ገብቼ፣ ያንን አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። አልወረድኩም።