ገና ላልሞተ ሰው የተከመረ እንጨት

ሱሉልታ ውስጥ ባህር ዛፍ እያስቆረጥኩ መሸጥ ስጀምር ስለ ሥራው የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እንጨት ይነዳል። ክረምት ሲገባ እሱም ቢሆን ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ ተማርኩ። ከአዲስ አበባ ያስወጣን የቤት ኪራይ ነው። ቢሮዬን ለቅቄ መጋዝ ስይዝ ዘመዶቼ ጠበል ሊወስዱኝ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ደግሞ ግልፍተኛ ነኝ፤ ሊመክረኝ የመጣውን ሁሉ ተቆጥቼ ሸኘሁት። ስለዚህ ሥራው ቢከፋም በየት በኩል ልመለስ?

ዳገቱ ላይ ያለውን ባህር ዛፍ ያኮናተሩኝ አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ሥራውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛፍ ሲቆረጥ ዝናብ እንዳይተኛበትና ጉቶው እንዳይበሰብስ አግድም ሳይሆን ሰያፍ መቆረጥ እንዳለበት፣ ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ደግሞ ከቀንበጦቹ ሁለት ሦስቱን ትቶ ሌላውን መመልመል እንደሚገባ አሳዩኝ። እኔ ሁሉም እንዲያድጉ ፈልጌ አንዱንም ሳልነካ ብተው፣ በዓመቱ ጉቶዎቼ ሁሉ መጥረጊያ መስለው ቆሙ። ሽማግሌው እያዩ፣ "ደን ልታለማ ነው ወይስ ቤት ልትጠርግ?" አሉኝ።

ውላችን ላይ ታዲያ አንድ እንግዳ አንቀጽ ነበረች። የውል ጸሐፊው በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ "ለአከራይ ለቅሶ የሚሆን ደረቅ ፍልጥ ተከራይ በማንኛውም ጊዜ ዝግጁ አድርጎ ይጠብቃል" ብሎ አስፍሯታል። ሳነባት ስቄ ነበር። ሽማግሌው አልሳቁም።

ባለቤታቸው ያረፉት ከውላችን በፊት፣ በነሐሴ ነው። እድሩ ያመጣው እንጨት ከዝናብ ላይ የተነሳ እርጥብ ባህር ዛፍ ስለነበረ ድንኳኑ በጭስ ታፈነ። ንፍሮው ሳይበስል ሰዓቱ ሄደ፤ ለቀስተኛው በሙሉ ዓይኑን እያሸ እንባውን አወረደው። "ከሰበታ የመጣ፣ እሷን በዓይኑ አይቷት የማያውቅ ሰው ከእህቷ በላይ አለቀሰ" ይሉ ነበር ሽማግሌው። "ማን ለእሷ፣ ማን ለጭሱ እንዳለቀሰ ሳይታወቅ ቀረ።" የእሳቸው ለቅሶ ላይ ግን ይህ እንዳይደገም ቆርጠዋል። እንጨቱን በገዛ እጃቸው ፈልጠው፣ በጋውን በፀሐይ አድርቀው እኔ ግቢ ጥግ ላይ ከመሩት። እቤታቸው ካስቀመጡት ምራታቸው ለሽሮ ታነደዋለች።

በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ ሚካኤልን ተሳልመው ሲመለሱ የራሳቸውን ለቅሶ ሊጎበኙ ወደኔ ጎራ ይላሉ። ሸራውን ገልጠው ሁለት ፍልጥ ያነሱና ያጋጫሉ። ደረቅ እንጨት ሲጋጭ ይጮኻል፤ እርጥብ ከሆነ ደፍ ብሎ ይቀራል። ከጮኸላቸው ረክተው፣ ሸራውን እንደ ልጅ አልብሰውት ይሄዳሉ። ቃሌን ሰጥቼ ነበርና እኔም ያንን ክምር ለሦስት ዓመት አልነካሁትም።

ችግሩ የመጣው በግንቦት ነው። ዝናቡ ቀድሞ ገባና ግቢዬ ያለው እንጨት በሙሉ ራሰ። በዚህ መሃል ከወንዙ ማዶ፣ የሰኔ ጾም ሳይገባ ልጃቸውን ሊድሩ የተጣደፉ እናት መጡ። ድግሱ ነገ ነው፤ እንጨታቸው አልነድ ብሏል። እርጥቡን ባሳየኋቸው ጊዜ ግንዲላ ላይ ተቀምጠው፣ "ልጄን በቁርጥ ብቻ ልዳራት?" ብለው አለቀሱ። ዓይናቸው ደግሞ ጥግ ላይ ካለው ሸራ አልነቀል አለ። እኔም አሰብኩ። ሽማግሌው ጤነኛ ናቸው፤ ያንን ዳገት እኔ እያለከለክሁ እሳቸው እያወሩ ነው የሚወጡት። ጥቅምት ላይ ሌላ አድርቄ ብተካ ማን ያውቃል? ክምሩን አስጫንኩት። በቦታው እርጥብ ደርድሬ፣ ከላይ ብቻ ከማድ ቤት የለቃቀምኩትን ሁለት ረድፍ ደረቅ አድርጌ በሸራ ሸፈንኩት።

ሰኔ አሥራ ሁለት መጡ። ከላይ ሁለት አንስተው አጋጩ፤ ጮኸ። "ገለቶሚ፣ ኢልማ ኮ" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ተባረክ ልጄ ማለታቸው ነው። ምስጋና እንደዚያ ቀን መሮኝ አያውቅም።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ሳይመጡ ቀሩ። ደረታቸውን ታመው ተኝተዋል ተባለ። አልጋቸው አጠገብ ደርሼ ሳያቸው ከልቤ አዘንኩ፤ ግን ልዋሽ አልችልም፣ ከሐዘኑ እኩል ያ እርጥብ እንጨት ታየኝ። ሌላው ጠያቂ "እግዜር ይማርዎ" ሲል እኔ በሆዴ "ቢያንስ እስከ ጥቅምት" እያልኩ ቀጠሮ ጨመርኩበት። በየቀኑ ሾርባና ብርቱካን አመላለስኩ። ለሐኪም ቤትም ባጃጅ ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። ምራታቸው ለሰፈሩ ሁሉ "ከወለዷቸው ይበልጣል" እያለች አወራችልኝ። በየመንገዱ ሲመርቁኝ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ፤ እነሱ ትሕትና መሰላቸው።

ሰበታ አንድ ነጋዴ ቆርቆሮ ሥር ያቆየው ደረቅ ፍልጥ እንዳለው ሰማሁና ሄጄ በትንሽ አይሱዙ አስጫንኩ። ቡራዩ ስደርስ ኬላ ላይ አስቆሙኝ። ተቆጣጣሪው የማለፊያ ወረቀት ጠየቀኝ። በጥድፊያ አላወጣሁም።

"የለቅሶ እንጨት ነው" አልኩት።

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። "ነፍስ ይማር። ማን ሞተ?"

"ገና አልሞቱም።"

"ታዲያ የማን ለቅሶ ነው?"

"ከሞቱ የሳቸው።"

ተቆጣጣሪው መኪናውን አየ፣ እኔን አየ። "ስማ ወንድሜ፣ ለለቅሶ ከሆነ ያለ ወረቀት እናሳልፋለን። ደንቡ ባይልም ሰው ነን። ግን ሟች ያስፈልጋል።"

"ከሞቱ በኋላማ ምን ያደርግልኛል? ይረፍዳል እኮ!" ብዬ ጮኽኩ።

"እኔ ምን ላድርግህ? ሰውዬውን ግደላቸው ልበልህ?" ብሎ እሱም ጮኸ። ከዚያ መጮኹ ጸጸተው መሰለኝ፣ የስልክ ቁጥሩን ጽፎ ሰጠኝ። "ያረፉ ዕለት ደውልልኝ፤ በየትኛውም ሰዓት ቢሆን አሳልፍሃለሁ።" የእኔንም ቁጥር ተቀበለኝ።

አይሱዙው ወደ ሰበታ ተመለሰ። ተቆጣጣሪው ግን ቃሉን የሚያከብር ሰው ኖሮ በየሦስት ቀኑ መደወል ጀመረ። "እንዴት ሆኑ?" ይለኛል። "ትንሽ ተሻላቸው" ስለው፣ "ይሁን፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል።

የቀረኝ ቤቴ ነበር። ሶፋውን ወደ መኝታ ቤት አስገብተን ሳሎኑን በእርጥብ ፍልጥ ሞላነው። መሃሉ ላይ ቀንና ማታ ከሰል አነደድን። ደረቅ እንጨት ለማግኘት ስንል ሁለት ጆንያ ከሰል ጨረስን። ባለቤቴ ለእንግዳ የምታቀርበው ወንበር አጥታ ጎረቤቶቿን ግንዲላ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። አንድ ቀን ፍልጥ ስታገላብጥ አገኘኋትና ልረዳት ጎንበስ ስል፣ "አንተ ቃል ስትሰጥ እኔን ለምን አትጠይቀኝም?" አለችኝ። አብሬያት አገላበጥኩ።

ሽማግሌው አልሞቱም። መስከረም አሥራ ሁለት፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከስተው ግን ቀጥ ብለው በግቢዬ በር ገቡ። እንጨቱን ከሳሎን አውጥቼ ከከመርኩት ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሸራውን ገለጡ። ሁለት አንስተው አጋጩ፤ ጮኸ። እፎይ ልል ስል አንዱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ይሄን እንደ በቆሎ ማን ጠበሰው?"

ሸራውን ማጠፍ ጀመርኩ።

"የኔ እንጨት በፀሐይ የደረቀ ነበር። የት ሄደ?"

ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ። "አባባ፣ ይማሩኝ። በግንቦት ለሰርግ ሸጥኩት። ከወንዙ ማዶ ልጃቸውን ለዳሩት ሴትዮ። ቃሌን በላሁ።"

አቀረቀሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳል የተነሳባቸው መስሎኝ ልደግፋቸው ተጠጋሁ። ለካስ እየሳቁ ነው።

"እዚያ ሰርግ ላይ እኮ ነበርኩ! ዶሮውን ሁለት ጊዜ አስጨምሬ ነው የበላሁት። 'በዚህ ዝናብ ጭስ የሌለው እንጨት ከየት አመጣችሁ?' ብዬ አመስግኜም ነበር!" ዓይናቸውን ጠረጉ። "የቁም ተዝካሬን በላሁት በለኛ!"

እኔም ሳቅኩ። ሦስት ወር ሙሉ ያልሳቅኩትን ያህል ሳቅኩ። ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ግንዲላው ላይ ተቀመጡና ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

"ያልነገርኩህ አለ" አሉ። "ሚስቴ የሞተች ጊዜ ሰው ሁሉ በጭሱ አለቀሰ እያልኩ አወራለሁ አይደል? እኔም አለቀስኩ። ወንድ በሆዱ ነው የሚያለቅሰው እየተባልኩ ነው ያደግኩት። አንድ ሰው አይቶኝ 'አይዞህ' ሲለኝ አፈርኩ። 'ጭሱ ነው' አልኩት። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት፣ በገዛ ድንኳኗ 'ጭሱ ነው' ብዬ ካድኳት።" ፍልጡን በእጃቸው አገላበጡት። "ለእኔ የሚያለቅስ ካለ ማመካኛ እንዳያገኝ ብዬ ነው፣ ሌላ አይደለም። ጥቅምት ሲገባ ሌላ እንፈልጣለን።"

ለመሄድ ተነስተው ቀና ሲሉ ፊቴን አዩት።

"አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል?"

ዞር ብዬ ወደ ማድ ቤቱ ተመለከትኩ። ግቢው ውስጥ የሚጨስ ነገር አልነበረም።